ምጽዋ፦ ወደቧን የምንናፍቃት፣ ከተማዋን የማናውቃት



በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ስለ ቀይ ባሕር ያደረጉት ንግግር በቴሌቪዥን ከተላለፈ ወዲህ፣ የባሕር በር ነገር ከአዲስ አበባ ጨዋታ ጠፍቶ አያውቅም። በየቡና ቤቱ ካርታ የሚሥል አለ፤ የአልጀርስን ስምምነት አንቀጽ በአንቀጽ የሚተነትን አለ፤ ለጅቡቲ የምንከፍለውን ወጪ የሚያሰላ አለ። ሁሉም ምጽዋን ይጠራታል፤ አንዱ እንደ ርስት፣ አንዱ እንደ ዕዳ፣ አንዱ እንደ ጠፋ ቁልፍ። እኔን የሚገርመኝ ግን ከእነዚህ ሁሉ ተናጋሪዎች መካከል ከተማዋ ምን እንደምትመስል የሚጠይቅ አለመኖሩ ነው። ቤቶቿ ከምን እንደ ተሠሩ፣ ማን እንደሚኖርባት፣ ጎብኚ ቢሄድ ምን እንደሚያይ ቢጠየቅ፣ አብዛኛው የተማረ ሰው «ሙቀቷ አይቻልም ይባላል» ከማለት አያልፍም።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስለ ወደብ መብት ሕግ ጠቅሼ አልከራከርም። ጎብኚ በምጽዋና በአካባቢዋ ከሚያያቸው ቦታዎች ጥቂቶቹን አንሥቼ፣ እያንዳንዳቸው ስለ እኛ ምን እንደሚመሰክሩ ለማመልከት እሞክራለሁ። ከተማዋን ያየኋት መንገዱ በተከፈተበት አጭር ዘመን ነው፤ በ2018 ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ የሚደረገው በረራ ከሃያ ዓመት በኋላ ሲቀጥል ማለቴ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከአስመራ እስከ ምጽዋ ያለው መንገድ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ አጭር ርቀት ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ተነሥቶ እስከ ባሕሩ ጠርዝ ይወረዳል። ጠዋት በጉም ተሸፍኖ የተነሣ መንገደኛ ጊንዳ ሲደርስ ካፖርቱን ያወልቃል፣ ከዚያ ወዲያ ሸሚዙም ይከብደዋል። በመንገዱ ግራና ቀኝ እየታጠፈ የሚታየው የባቡር ሐዲድ ራሱ አንዱ የጉብኝት ቦታ ነው። ጣሊያኖች ሐዲዱን በ1888 ከምጽዋ ሰሐጢ አደረሱት፤ አስመራ የገባው በ1911 ነው። በጦርነቱ ዘመን ብረቱም እንጨቱም ተነቅሎ ምሽግ ተሠራበት። ከነጻነት በኋላ ኤርትራውያን ጡረታ የወጡትን የባቡር ሠራተኞች ጠርተው፣ የተበታተነውን ሐዲድ እየለቀሙ፣ በ2003 መልሰው ገጠሙት። ይህን ስናገር የእኛ የአዲስ አበባ ጅቡቲ አሮጌ ባቡር ምን እንደ ደረሰበት ትዝ ይለኛልና ብዙ አልናገርም።

ምጽዋ ከመድረሱ በፊት ዶጋሊ አለ። ጎብኚው ብዙ ጊዜ በመኪና መስኮት ብቻ አይቶት ያልፋል፤ ለእኔ ግን ከጠቅላላው ጉዞ ረጅሙን ጊዜ የወሰደብኝ ይህ ኮረብታ ነው። ጥር መጨረሻ 1887 ራስ አሉላ በሰሐጢ የመሸገውን የጣሊያን ጦር ወግተው ሳይሳካላቸው ቀረ። በማግስቱ፣ ጃንዋሪ 26 ቀን፣ በሌተና ኮሎኔል ቶማሶ ዴ ክሪስቶፎሪስ የሚመራ አምስት መቶ ያህል ወታደር ያለው ረዳት ጦር ከምጽዋ ሲመጣ ዶጋሊ ላይ ከበው ደመሰሱት። ከሞት የተረፈው ጥቂት ነው።

የዚህ ድል መታሰቢያ የት ነው? ነገሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጣሊያኖች ለሙታኖቻቸው በዶጋሊ የመታሰቢያ ድንጋይ አቆሙ፤ በዚያው ዓመት ደግሞ በሮማ፣ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ የጥንት የግብፅ ሐውልት ተክለው የወታደሮቹን ስም ጻፉበት። ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ዛሬም «የአምስቱ መቶዎች አደባባይ» ይባላል። በየቀኑ ሻንጣውን እየጎተተ የሚያልፈው ሕዝብ አምስቱ መቶዎቹ እነማን እንደ ሆኑ የሚያውቀው አይመስለኝም። ፋሽስቶች ከአዲስ አበባ የወሰዱትን የይሁዳ አንበሳ በ1937 ያቆሙት ከዚሁ ሐውልት ሥር ነበር፤ የሃምሳ ዓመት ቂም መወጣታቸው ነው። ዘርዓይ ደረስ በ1938 በሮማ ሰይፉን የመዘዘው ያን አንበሳ አይቶ ነው። አንበሳው ከረጅም ዓመታት በኋላ ተመልሶ በለገሃር ቆመ። ዘርዓይ ግን በጣሊያን እስር እንዳለ በ1945 ሞተ፤ የተወለደው በዛሬይቱ ኤርትራ ምድር ነው፤ ዛሬ አዲስ አበባም አስመራም «የእኔ ጀግና» ይሉታል።

በዶጋሊስ? ደርግ በ1980ዎቹ በቀይ ኮከብ ያጌጠ ሐውልት አቁሞ ነበር። ኤርትራ ነጻ ስትወጣ ያ ሐውልት ተነሣ። እኛ ይህን ስንሰማ እንቈጣለን፤ «አሉላን ካዱት» እንላለን። ነገር ግን በዚያ አገር ሽማግሌዎች ዘንድ አሉላ ጣሊያንን የመታ ጀግና ብቻ ሳይሆን፣ በየዓመቱ ሠራዊት ይዞ የሚወርድና ከብት የሚነዳ የደጋ ገዥም ነው። ሁለቱም ትዝታ እውነት ነው። ራስ አሉላ አባ ነጋ ስማቸው ሲጠራ ደሜ የሚሞቅ ሰው ነኝ፤ ሆኖም ለአንዱ ወገን ኩራት የሆነ ሐውልት ለሌላው ምን እንደሚመስል ሳይጠይቁ ማቆም፣ ለአፍራሽ ሥራ ማዘጋጀት ይመስለኛል።

ከዶጋሊ ወዲያ ሜዳው ይሰፋል፣ አየሩም ይወፍራል። ምጽዋ በሁለት ደሴቶችና በየብሱ ዳርቻ ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት። ከየብሱ በድልድይ መንገድ ወደ ጥዋለት ይገባል፤ ከጥዋለት በሌላ ድልድይ መንገድ ወደ ጥንታዊቷ ደሴት፣ በግዕዝ መጻሕፍት ባጽዕ ወደምትባለው፣ ይዘለቃል። እነዚህን የድንጋይ መንገዶች በባሕር ላይ ያስነጠፈው ቬርነር ሙንዚንገር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ ነው፤ በ1870ዎቹ መጀመሪያ ለግብፁ ኬዲቭ ለኢስማዒል ፓሻ ምጽዋን ያስተዳድር ነበር። ግብፅ ከተማዋን ከቱርክ እጅ የተረከበችው በ1865 ነበር። ሙንዚንገር ከእምኩሉ ንጹሕ ውኃ በቦይ አስመጣ፣ በጥዋለትም የባሕር ዳር ቤተ መንግሥት አሠራ። ኢትዮጵያን ለመክበብ በተላከ ዘመቻ በ1875 በአውሳ በአፋሮች እጅ ተገደለ። በጉንደትና በጉራ የተደመሰሱት የግብፅ ጦሮችም መርከብ የወረዱት እዚሁ ነው። ለጎብኚው ግን ሙንዚንገር ማለት ዛሬም የሚረገጠው መንገድና የፈረሰው ቤተ መንግሥት ነው።

ይህ ቤተ መንግሥት የምጽዋ ዋና መታያ ነው። ነጭ ግንቡ ፊቱን ወደ ባሕር መልሶ፣ ባለ ጉልላት ሆኖ ቆሟል። ከፌዴሬሽኑ በኋላ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የክረምት ማረፊያ ሆነ፤ ክረምት ስል የምጽዋን ክረምት ነው፣ በእኛ በጋ የሚሆነውን። ኢትዮጵያ የባሕር ኃይሏን በ1955 ስትመሠርት ዋና ሰፈሩ ምጽዋ ነበር። በየዓመቱ በሚከበረው የባሕር ኃይል ቀን የአሜሪካም፣ የእንግሊዝም፣ የፈረንሳይም፣ የሶቭየትም የጦር መርከቦች በአንድ ወደብ ተሰልፈው፣ ንጉሠ ነገሥቱ በባሕር ኃይል ልብስ ይጎበኟቸው ነበር። በቀዝቃዛው ጦርነት መካከል ይህን ማድረግ የቻለች አገር ብዙ አልነበረችም። የባሕር ኃይሉን ይመሩ የነበሩት የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ ሬር አድሚራል እስክንድር ደስታ በኅዳር 1974 ከስድሳዎቹ ጋር ተረሸኑ። «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከባችንም በ1991 ወደ የመን ሸሽታ እዚያው ለብረት ተሸጠች።

እኔ ባየሁት ጊዜ ጉልላቱ በመድፍ ተበስቶ፣ ደረጃው ተናግቶ፣ በአዳራሹ ውስጥ ነፋስ ይመላለስ ነበር። አስጎብኚዎች ሆን ተብሎ እንዳልታደሰ ይናገራሉ፤ የጦርነቱ ምስክር ነው ይላሉ። ልብ በሉ፤ ቤቱን ያስገነባው ስዊዘርላንዳዊ ነው፣ ያዘዘው ግብፃዊ፣ ከዚያ የኖረበት ጣሊያናዊ፣ ከዚያ ኢትዮጵያዊ። ለእኛ «የጃንሆይ ቤተ መንግሥት» ነው። ለከተማው ልጅ ግን ከነዋሪው ፈቃድ ሳይጠይቁ ከመጡት ገዥዎች ሁሉ የተላለፈ ቤት ነው። ሁለታችንም ያንኑ ቀዳዳ ጉልላት እያየን ሁለት የተለያየ ነገር እናያለን።

አሁን ወደ አሮጌዋ ደሴት እንሻገር። ቤቶቿ የተሠሩት ከባሕር ተቈርጦ በወጣ ዛጎላማ የኮራል ድንጋይ ነው። መስኮቶቹ በእንጨት ፍልፍል የተሸፈኑ ሰገነቶች አሏቸው፤ በውስጥ ያለችው ሴት መንገዱን ታያለች፣ መንገደኛው ግን አያያትም፤ ነፋሱም ይገባል። ይህ የቀይ ባሕር አሠራር ነው፤ በጅዳም በሱዋኪንም ያለው ወንድሙ ነው። ጎንደርንና አክሱምን ያየ ዓይን እዚህ ሲደርስ ይደናገጣል፤ ከተማዋ ፊቷ ወደ ባሕሩ ነውና። የሼኽ ሐነፊ መስጊድ ከጥንታውያኑ አንዱ ነው። ከወደቡ ጫፍ ደግሞ የሰሓባ የሚባል የጸሎት ቦታ አለ፤ በትውፊት እንደሚነገረው ከመካ የተሰደዱት የነቢዩ ተከታዮች በ7ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ወደ ሐበሻው ንጉሥ ሲመጡ ያረፉበት ነው። በአዲስ አበባ ስለ ነጃሺ እንግዳ ተቀባይነት ስንናገር የእንግዶቹን የመጀመሪያ እርምጃ የረሳነው ነገር ይገርመኛል። በታሪካችን መጻሕፍት ምጽዋ ሁልጊዜ በር ናት፤ በር ደግሞ ማንም አይኖርበትም።

በዚያ ሰፈር ጥላ ሥር ተቀምጠው ያገኘኋቸው አንድ ሽማግሌ በወደቡ ሲሠሩ የተማሩትን አማርኛ አልረሱትም ነበር። ከአዲስ አበባ መምጣቴን ስነግራቸው ሣቁ። «ልጄ፣» አሉኝ፣ «ከእናንተ ዘንድ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ወደቡ በየት ነው ብሎ ነው። መስጊዱ በየት ነው ያለኝ የለም። እናንተ ሰው ቤት ስትገቡ በሩን ነው የምትስሙት?» መልስ አልነበረኝም፤ ሻይ አዘዙልኝ።

እስቲ በአሮጌዋ ከተማ መካከል ቆመን ታሪኩን በቍጥር እንየው። የፖርቱጋል መልእክተኞች በ1520፣ ክሪስቶፎ ዳ ጋማም 400 ወታደር ይዞ በ1541 ሲመጡ በዚህ ወረዱ፤ ያን ጊዜ ባሕር ነጋሹ በዳርቻው ላይ ሥልጣን ነበረው። በ1557 ኦዝደሚር ፓሻ ምጽዋን ለቱርክ ያዘ። አፄ ሠርጸ ድንግል በ1570ዎቹ መጨረሻ ቱርኮችን በትግራይ ድል ቢያደርጓቸውም ደሴቲቱን አላስለቀቋትም። ከዚያ በኋላ ሥልጣኑ የሕርጊጎ ናይቦች ሆነ፤ ጄምስ ብሩስ በ1769 ወደ ጎንደር ለማለፍ ሲመጣ ስንት ሳምንት ያጉላሉት እነሱ ናቸው። ከዚያ ግብፅ፣ ከዚያ ጣሊያን፣ ከዚያ እንግሊዝ። ከ1557 እስከ 1952 ድረስ 395 ዓመት ነው፤ በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም የደጋ ንጉሥ ምጽዋን በእጁ አላደረገም። ከ1952 እስከ 1990 ደግሞ 38 ዓመት።

ይህን የምጽፈው «ሦስት ሺህ ዓመት የእኛ ነበረች» ለሚለው ወገን እንዲመረው ብዬ ብቻ አይደለም። «ከኢትዮጵያ ጋር ምንም አላገናኘንም» የሚለውም ወገን ተመሳሳይ ችግር አለበት። የከተማዋን ሰው ያኖረው ከደጋ የሚወርደው ንግድ ነበር። የዝሆን ጥርሱ፣ ወርቁ፣ ዝባዱ፣ ሰሙ ከጎጃምና ከእናርያ ድረስ ተጉዞ እዚህ ይደርሳል። ደሴቲቱን ያልያዘው ንጉሥ መንገዱን ይይዝ ነበር፤ መንገዱን ሲዘጋ ደሴቲቱ ትራባለች፤ ደሴቲቱ ስትዘጋ ደጋው መድፍና ባሩድ ያጣል። ማንም ማንንም ሳይወርስ አራት መቶ ዓመት ያህል እንዲህ ተባብረውም ተናቍረውም ኖረዋል።

በዚያ ንግድ ውስጥ ግን አስጎብኚው የማይጠራው፣ እኛም የማንጠራው ሸቀጥ ነበር። ሰው። ከደቡብና ከምዕራብ የተፈነገሉ ልጆች በጎንደርና በትግራይ ገበያዎች አልፈው፣ በየኬላው ቀረጥ ተከፍሎባቸው፣ በምጽዋ ዳርቻ በጀልባ ተጭነው ወደ ዓረብ ምድር ተሻግረዋል። የፈነገላቸውም፣ የሸጣቸውም፣ ቀረጡን የተቀበለውም የአገራችን ሰው ነው። በዛንዚባር የቀድሞው የባሪያ ገበያ ቦታ ላይ ካቴድራል ቆሟል፤ አጠገቡም በሰንሰለት የታሰሩ ሰዎች የድንጋይ ምስል አለ፤ ጎብኚው ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ ባሕር መዝናኛ አይሄድም፣ ጥቂት ይቆማል። በምጽዋ ምንም ምልክት አላየሁም። በጎንደርም የለም፤ በአዲስ አበባም የለም። «የባሕር በራችን» የምንላት ከተማ ለእነዚያ ልጆች ምን ነበረች? የባሕር በር ትዝታ የሚዘፍንልን ሁሉ ይህን ጥያቄ ቢያንስ አንድ ጊዜ መስማት አለበት እላለሁ።

የስምምነትና የፊርማ ነገር ለሚወድ አንባቢ ደግሞ፣ የምጽዋ ወደብ ፊት የ1884ን ዓመት የሚያስታውስበት ቦታ ነው። በዚያ ዓመት ጁን 3 ቀን በዐድዋ አፄ ዮሐንስና የእንግሊዙ አድሚራል ሂዌት ተፈራረሙ፤ የጦር መሣሪያን ጨምሮ ማናቸውም ዕቃ ያለ ቀረጥ በምጽዋ በኩል እንዲያልፍ እንግሊዝ ቃል ገባች፣ ቦጎስም ለንጉሡ ይመለስ ተባለ። ንጉሡ በበኩላቸው በሱዳን የተከበበው የግብፅ ጦር በአገራቸው በኩል እንዲወጣ ረዱ፤ ቃላቸውን ጠበቁ። ከስምንት ወር በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1885፣ የጣሊያን ጦር በእንግሊዝ ይሁንታ ምጽዋ ላይ ወረደ። የወደብ መብትን በወረቀት ላይ ማግኘትና በወደቡ መጠቀም ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ዮሐንስ የተማሩት በዚህ ነው። በጃንዋሪ 2024 ከሶማሌላንድ ጋር የተፈረመውን የመግባቢያ ሰነድ ዜና ስሰማ መጀመሪያ የታወሰኝ ሂዌት ነበር።

የጣሊያንን ዘመን በአጭሩ አልፈዋለሁ። የቀድሞው የባንኮ ዲታሊያ ሕንፃ ዛሬ ጎብኚ ሁሉ ፎቶግራፍ የሚያነሣው፣ በጥይት የተነደለና ያማረ ፍርስራሽ ነው። በ1921 የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋን አፍርሷት ስለ ነበር ከምናያቸው የጣሊያን ሕንፃዎች ብዙዎቹ ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ናቸው። በኤፕሪል 1941 ከተማዋ በእንግሊዞች እጅ ስትወድቅ ጣሊያኖች መርከቦቻቸውን በወደቡ አፍ አሰጠሙ፤ አሜሪካዊው ኤድዋርድ ኤልስበርግ በ1942 በዚያ ገሃነም ሙቀት ጠላቂዎቹን ይዞ አንድ በአንድ አነሣቸው። እንግሊዞች ግን ከተማዋን በፌዴሬሽን ለኢትዮጵያ ከማስረከባቸው በፊት የወደቡን ንብረት እየነቀሉ ሸጡ፤ ሲልቪያ ፓንክኸርስት በ1952 «የኢትዮጵያን ወደቦች ስለምን እናፈርሳለን?» የሚል መጽሔት አሳትማ የገዛ መንግሥቷን የተሟገተችው ስለዚህ ነበር።

አሁን ግን ከሁሉ የከበደኝ ቦታ ላይ ደርሻለሁ። በጥዋለት፣ የድልድዩ መንገድ በሚያልቅበት፣ ሦስት ታንኮች በእብነ በረድ መደብ ላይ ቆመዋል። ፊት ለፊታቸው የቅድስት ማርያም ካቴድራል አለ። ሕዝባዊ ግንባር ሓርነት ኤርትራ «ፈንቅል» ባለው ዘመቻ በፌብሩዋሪ 8 ቀን 1990 ከየብስም፣ ፈጣን ጀልባዎች ይዞ ከባሕርም በምጽዋ ላይ ዘመተ። በየብሱ ያለው ከተማ በሁለት ቀን ወደቀ። በደሴቶቹ ላይ የቀረው የኢትዮጵያ ጦር፣ ጀርባው ባሕር ሆኖ፣ ሳምንት ያህል ተዋጋ። አዛዡ ብርጋዴር ጄኔራል ተሾመ ተሰማ እጅ ከመስጠት ራሳቸውን መግደላቸው ይነገራል። ታንኮቹ በዚያ ድልድይ መንገድ ጥቃቱን የመሩት ናቸው። ለኤርትራውያን ይህ የነጻነት ቀን ዋዜማ ነው፤ በየዓመቱ በየካቲት ያከብሩታል። ከዚያ ቀደም በ1977 መጨረሻ በሳሊና የጨው ሜዳ ላይ በጥይት የታጨዱ ልጆቻቸው ብዙ ናቸውና ደስታቸው በከንቱ አይደለም።

የእኛስ? በልጅነቴ በሰፈራችን «ልጄ ምጽዋ ነው» የሚሉ አንዲት እናት ነበሩ። ልጃቸው የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበር። ከ1990 በኋላም ለዓመታት «ነው» እንጂ «ነበር» አላሉም፤ መርዶ የሚያረዳቸው መንግሥት አላገኙምና። የላከው መንግሥት ሽንፈቱን ደብቆ ወደቀ፤ ተከታዩ መንግሥት ሙታኑን የራሱ አድርጎ አልቈጠራቸውም፤ ያሸነፈው ወገን ደግሞ እነሱን እንዲያስታውስ አይጠበቅበትም። በእብነ በረዱ ፊት ቆሜ ያሰብኩት ስለ ታንኮቹ አልነበረም፤ ስለ እኚያ እናት ነበር።

ይህም ሆኖ ታሪኩ በዚህ አያበቃም። ከተማዋ ከተያዘች በኋላ የደርግ አየር ኃይል ለሳምንታት ደበደባት። ክላስተር ቦምብና ናፓልም ተጣለባት፤ ሲቪሎች አለቁ፤ ለረሃብተኛ የመጣ የእርዳታ እህል በመጋዘን ነደደ። ይህ በሰብዓዊ መብት ድርጅቶች የተመዘገበ ነው። ባንኮ ዲታሊያውን፣ የኮራል ቤቶቹን፣ የቤተ መንግሥቱን ጉልላት እንዲህ ያደረጋቸው ያ ጦርነት ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ «የማትነጠል አካላችን» ስንላት የኖርናትን ከተማ ያን ዕለት ከሰማይ በእሳት ያጠብናት እኛ ነን፤ ቢያንስ በስማችን ይምል የነበረው መንግሥት ነው። በአማርኛ ስለ ቀይ ባሕር በተጻፉ የጦር ሜዳ ትዝታዎች የጀግንነቱ ገጽ ብዙ ነው፤ ስለዚያ ድብደባ የተጻፈውን ግን በመብራት ፈልጌ ጥቂት አገኘሁ። ሽማግሌው ሻይ ሲያስቀዱልኝ ስለዚያ ወር አንድ ቃል አልተናገሩም። እኔም ለመጠየቅ አፍሬ ቀረሁ።

ከ1991 በኋላ ኢትዮጵያ በምጽዋም በአሰብም እንደ ልቧ ትጠቀም ነበር፤ ባንዲራው ሌላ፣ ሸቀጡ የእኛ። በግንቦት 1998 ጦርነት ተነሣና ቆመ። በግንቦት 2000 አውሮፕላኖቻችን ከከተማዋ አጠገብ የሚገኘውን አዲሱን የሕርጊጎ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ መቱት፤ በ2005 የይገባኛል ኮሚሽኑ በድምፅ ብልጫ ሕጋዊ የጦርነት ዒላማ ነበር ብሎ ወሰነ። ሕጋዊ መሆኑን ዳኞቹ ይወቁት፤ የከተማዋ ሰው ግን በዚያ ሙቀት መብራት አጣ። በሴፕቴምበር 2018 «መቀሌ» የተባለችው የኢትዮጵያ መርከብ ከሃያ ዓመት በኋላ የመጀመሪያዋ ሆና ምጽዋ ገባች፤ የኤርትራን ዚንክ ጭና ወደ ቻይና ሄደች። ያን ዜና ስንሰማ በደስታ ያለቀስን ብዙዎች ነን። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል፤ የትግራዩ ጦርነት መጣ፣ ወዳጅነቱ ወደ ዛቻ ተለወጠ፣ ከአዲስ አበባ የሚነሣው በረራም በ2024 ተቋረጠ።

ወደብ ያስፈልገናል? አዎን፣ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር በአንድ ጎረቤት ላይ ብቻ ተንጠልጥላ መኖሯ ከባድ ነው፤ ይህን የሚክድ አይደለሁም። ነገር ግን ወደብ በንግድ ይገኛል፣ በድርድር ይገኛል፣ በኪራይ ይገኛል። በጦር የሚገኘው ወደብ ምን እንደሚመስል ለማየት የሚፈልግ ከቤተ መንግሥቱ ጉልላት ሥር ቆሞ ወደ ላይ ይመልከት።

ምጽዋ የሚደርስ ጎብኚ ጊዜና ገንዘብ ካለው ወደ ዳህላክ ደሴቶች በጀልባ ይሻገራል። ውኃው ጥርት ያለ ነው፤ ዛጎሉና ዓሣው ስመ ጥር ነው። በዳህላክ ከቢር በኩፊ ጽሕፈት የተቀረጹ የመካከለኛው ዘመን የመቃብር ድንጋዮችና ዝናም የሚጠራቀምባቸው የጥንት ጕድጓዶች አሉ። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ናኩራ የምትባል ደሴት አለች። ጣሊያኖች ከ1887 ጀምሮ እስከ 1941 ድረስ እስር ቤት አድርገዋት ነበር፤ ኤርትራዊ አመፀኛም፣ ከ1936 ወዲያ የተጋዘ ኢትዮጵያዊ አርበኛም እዚያ በሙቀትና በጥማት ብዙ አልቋል። በደርግ ዘመን ደግሞ የሶቭየት የባሕር ኃይል ሰፈረባት። የእስር ቤቱ ፍርስራሽ አለ። እስረኞቹ ከመረብ ወዲህና ከመረብ ወዲያ የመጡ ነበሩ፤ ሲሞቱም ለየብቻ አልተቀበሩም።